የብራቾ ጎሚኒ ሲያልቅ፦ ቤት መቀየር፣ ፕሬስ ቤት መውሰድ ወይስ ሙሉ ብራቾ መግዛት?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ፣ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዙ መሪው ወደ አንድ ጎን ይጎትታችኋል? እኔን ለወራት ሲጎትተኝ ነበር። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፍሬኑን ነው። ሸራ አስቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። የጎማ ንፋስ አስተካከልኩ፤ ያው ነው። አንድ እሁድ ጠዋት ቪትዟን ግቢ አቁሜ፣ መሪውን እስከ ጥግ አዙሬ፣ በባትሪ ከጎማው ኋላ አየሁ። የታችኛው ብራቾ፣ ማለትም የፊት ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው የብረት ክንድ፣ የኋላ ጎሚኒው ግማሽ ዙሪያው ተቀዷል። መሃሉ ያለው ብረት ከላስቲኩ ተላቋል። ጣቴን ወደ ስንጥቁ ሰደድኩት፤ እስከ ጥፍሬ ድረስ ገባ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ፤ በየት በኩል ይቀየር? መንገዱ ብዙ ነው። እኔ ሁለቱን ራሴ ሞክሬያለሁ፣ ሌላውን በቅርብ ሰው መኪና ላይ አይቻለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ስሙን እናጥራ። አንዳንዱ መካኒክ ጎሚኒ ይለዋል፣ አንዳንዱ ቡሽ። ሱቅ ገብታችሁ ቡሺንግ ብትሉም ይገባቸዋል። ነገሩ በሁለት የብረት ቀለበት መካከል የተጣበቀ ወፍራም ላስቲክ ነው። የውጪው ቀለበት ብራቾው ውስጥ ተጨንቆ ይገባል። የውስጠኛው በቡሎን ከሻንሲው ጋር ይታሰራል። የመኪናው እግር ከፍ ዝቅ ሲል ላስቲኩ አይሽከረከርም፤ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህችን ነገር ያዙልኝ። ኋላ ቡሎን ስናጠብቅ ትመጣለች።

የኛ መንገድ ጎሚኒ ይፈትናል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ይህን ሁሉ ከፍታ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ መንገድ እንወርደዋለን። ፍሬን በተያዘ ቁጥር የፊት እግር ወደ ኋላ መሸሽ ይፈልጋል። ብራቾው ይይዘዋል፤ ብራቾውን ደግሞ ጎሚኒው ይይዘዋል። ወደ ከተማ ሲገባ ኮብልስቶኑ ይቀበለዋል። ሌላም አለ። አንዳንድ ላቫጆ ከታጠበ በኋላ ሥሩ እንዲያብረቀርቅ ብለው ናፍጣ ወይም ያለቀ ዘይት ይረጩበታል። ናፍጣና ዘይት ላስቲክን ያሳብጣሉ፣ ያለሰልሳሉ፣ ዕድሜውን ይበላሉ። እኔ አሁን መኪናዬን ሳስረክብ አስቀድሜ «ከሥር ናፍጣ እንዳትነኩ» እላለሁ።

መጀመሪያ እርግጠኛ ሁኑ

ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሁሉ ጎሚኒ አይደለም። ቴስቲና (ብራቾውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ኳስ መሰል መገጣጠሚያ) ሊሆን ይችላል፣ የስታብላይዘር (መኪናው መታጠፊያ ላይ እንዳያዘነብል የሚይዘው ዘንግ) ማያያዣ ሊሆን ይችላል፣ የሾክ የላይኛው ላስቲክ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ስጡት።

ቀላሉ ፈተና ይኸውና። ሜዳ ቦታ ላይ ሌላ ሰው መሪ ላይ ይቀመጥ። መኪናውን በጣም ቀስ አድርጎ ወደ ፊት ይንዳ፣ ፍሬን ይያዝ፤ ወደ ኋላ ይንዳ፣ ፍሬን ይያዝ። እናንተ ፈንጠር ብላችሁ ከጎን ቁሙና የፊት ጎማውን ከጭቃ መከላከያው ጋር እያያችሁ አስተያዩት። ጤነኛ ከሆነ እዚያው ይቆማል። ጎሚኒው ካለቀ ጎማው ራሱ ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲሸሽ በዓይን ይታያል። ከዚያ መኪናው በደንብ ተደግፎ ሳለ፣ ወፈር ያለ ብረት በብራቾውና በሻንሲው መካከል አስገብታችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ትንሽ መንቀሳቀሱ ያለ ነው፣ ላስቲክ ነውና። ብረት ከብረት ሲጋጭ ከሰማችሁ ግን አልቋል። ላዩ ላይ ያለ ጭረት ብቻ ከሆነ አትደንግጡ። ጥልቅ ቅድ ወይም ከብረቱ መላቀቅ ነው ጉዳዩ።

ቤት መሞከር የሌለበት መኪና አለ

ይህን ሳትለዩ ቁልፍ አታንሱ። ቪትዝና ኮሮላ ማክፈርሰን የሚባለው ዓይነት ናቸው። ሞላው ከሾኩ ጋር በአንድ ላይ ቆሟል፤ የታችኛው ብራቾ ሞላ አልተሸከመም። ብራቾው ሲፈታ የሚፈናጠር ነገር የለም። እንደነዚህ ያሉት ለቤት ሥራ ይሆናሉ።

የድሮው ላዳ ግን ሞላው በቀጥታ የታችኛው ብራቾ ላይ ተቀምጧል። ቴስቲናው ሲላቀቅ የተጨመቀው ሞላ እንደ ጥይት ሊወጣ ይችላል። እጅ ይሰብራል፣ ሰው ይገድላል። ሞላ ማጥበቂያ ያለውና የለመደ ሰው ይሥራው። ቶርሽን ባር ያላቸው ፒክአፖችና ሚኒባሶችም እንዲሁ ናቸው፤ ብረቱ ተጠምዝዞ ኃይል ይዞ ተቀምጧል። እነዚህን ቤት አትንኩ። ለእነሱ ምርጫው አንድ ነው፣ ጋራዥ።

የቪትዝ የኋላ እግር ጎሚኒም ቢሆን ሌላ ሥራ ነው። ሁለት ትልልቅ ጎሚኒ ሙሉውን የኋላ አክስል ይይዛሉ። አክስሉን ማውረድ ይጠይቃል። እኔ ለባለሙያ ሰጥቼዋለሁ፣ አልቆጨኝም።

ስታብላይዘር፦ ሳትጠራጠሩ ቤት ሥሩት

የስታብላይዘር ጎሚኒ ብዙውን ጊዜ ወገቡ ላይ የተሰነጠቀ ላስቲክ ነው። ከፍታችሁ ዘንጉ ላይ ታለብሱታላችሁ፣ ከዚያ በሁለት ቡሎን መያዣው ይታሰራል። ፕሬስ (በኃይል ተጭኖ የሚያስገባ ማሽን) የለም፣ መዶሻ የለም። ሁለቱንም ጎን አንድ ላይ ቀይሩ። ዘንጉ ላይ ያለውን ዝገትና አሸዋ በደንብ ጥረጉ። እንዲገባላችሁ የሳሙና ውሃ ቀቡት። ግራሶ አትቀቡ፤ ተራ ግራሶ ላስቲኩን ያሳብጠዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ሊያፍታታ ለፈለገ ሰው ከዚህ የተሻለ ሥራ የለም።

የብራቾ ጎሚኒ፦ አራቱ መንገዶች

አንደኛው ሁሉንም ነገር ቤት መሥራት ነው። ብራቾውን ፈትቶ አሮጌውን ጎሚኒ ማውጣት፣ አዲሱን ማስገባት። ፕሬስ ከሌለ በትልቅ ሞርሳ ይሞከራል። ካልሆነ በረጅም ጠንካራ ቡሎን፣ በወፍራም ሮንዴላና በልኩ በተቆረጠ ቧንቧ እየሳቡ ይገባል። እኔ የመጀመሪያውን ጎን እንደዚህ ነው የሠራሁት። ትንሹ የፊት ጎሚኒ እሺ አለ። ትልቁ የኋላው ግን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀብኝ። ላስቲኩን በትራፓኖ በሳሳሁ፣ የቀረውን የብረት ቀለበት በመጋዝ ቆረጥኩ። መጋዙ ቀለበቱን አልፎ ብራቾውን እንዳይነካ ትንፋሽ ይዞ መቁረጥ ነው። ብራቾው ላይ ጭረት ከገባ አዲሱ ጎሚኒ በልኩ አይጨነቅም። ላስቲኩን በእሳት አቃጥለው የሚያወጡ አሉ። አታድርጉት። ጭሱ መርዝ ነው፣ ብረቱም ይጎዳል።

የዚህ መንገድ ጥቅም ገንዘብ ነው። ለጎሚኒው ብቻ ትከፍላላችሁ። ጉዳቱ ብራቾው ነው። የነዚህ መኪኖች ብራቾ ከታጠፈ ላሜራ የተሠራ ነው። በመዶሻ ሲደበደብ የጎሚኒው ቤት ሞላላ ይሆናል። ሞላላ ቤት ውስጥ የገባ ጎሚኒ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ይላወሳል።

ሁለተኛው መንገድ የኔ ምርጫ ነው። ብራቾውን ቤት ፍቱ፣ ፕሬስ ያለው ቤት ወስዳችሁ ጎሚኒውን አስቀይሩ፣ ተመልሳችሁ ራሳችሁ እሰሩ። ሁለተኛውን ጎን እንደዚህ አደረግሁ። የቶርኖና የፕሬስ ሥራ በሁለቱም ከተማ አለ። ኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ናት፣ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደው ከባድ መኪናም ከዚያ ይነሳል፤ ትልቅ ፕሬስ አትቸገሩም። ቤት አንድ ቀን የወሰደብኝ ሥራ እዚያ አንድ ማኪያቶ ሳይቀዘቅዝ አለቀ።

ግን ዝም ብላችሁ አስረክባችሁ አትሂዱ። ቁሙ፣ እዩ። ሦስት ነገር ተመልከቱ። ፕሬሱ መግፋት ያለበት የውጪውን ቀለበት ብቻ ነው። ላስቲኩን ወይም የመሃሉን ብረት ከገፋ አዲሱ ጎሚኒ ገና ሳይታሰር ይላቀቃል። የብራቾው ላሜራ እንዳይጨማደድ ከሥሩ በልኩ ድጋፍ ይግባለት። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚያልፈው ነው፤ የኋላው ጎሚኒ ላስቲክ ውስጥ ክፍተቶች አሉት፣ በአንድ አቅጣጫ ለስለስ፣ በሌላው ጠንከር እንዲል ተብሎ የተተወ። አቅጣጫው ከተሳሳተ መኪናው ፍሬን ላይ ይንገዋለላል። ስለዚህ አሮጌው ሳይወጣ በፊት ክፍተቶቹ ወዴት እንደሚያዩ ብራቾው ላይ በስለት ምልክት አድርጉ፣ በስልክም ፎቶ አንሱ።

እኔ የሄድኩበት ፕሬስ የሚሠሩት አባት ምልክቴን አይተው፣ «ይኼን ማን አሳየህ ልጄ?» አሉኝ። ከዚያ ጎሚኒውን ሁለቴ አዙረው ለክተው፣ የቀለበቱን ጠርዝ በሞረድ ትንሽ አለስልሰው አስገቡት። ስጨነቅ አይተው «አብሽር፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚገባው» አሉ። ቀጥ ብሎ ገባ። ድምፅ እንኳ አላሰማም፤ መጨረሻው ላይ ብቻ ጠብ አለ።

ሦስተኛው መንገድ ሙሉ ብራቾ መግዛት ነው። ጎሚኒዎቹ ገብተውበት፣ በአንዳንዱ መኪና ቴስቲናውም አብሮት ይመጣል። ፕሬስ የለም፣ መጋዝ የለም። ፈትቶ ማሰር ብቻ። የእህቴ ባል ኮምቦልቻ ኮሮላ ይነዳል፣ እንጀራው እሷ ናት። መኪናዋ አንድ ቀን ከቆመች ቤት ይጎድላል። ቴስቲናዋም ተላውሳ ነበር። እሱ ሙሉ ብራቾ ገዛ። ለእሱ ትክክለኛው ምርጫ ይኼ ነበር። ጠዋት ፈቱት፣ ከሰዓት ሥራ ገባ።

ዋጋ በብር አልጽፍላችሁም፣ እስክታነቡት ይለወጣል። የምጠቀምበት ስሌት ግን ይኼ ነው። የሁለቱን ጎሚኒ፣ የቴስቲናውንና የፕሬሱን ዋጋ ደምሩ። ድምሩ የሙሉ ብራቾውን ሁለት ሦስተኛ ካለፈ ሙሉውን ግዙ። ቴስቲናው ጤነኛ ከሆነ ግን ድምሩ እዚያ አይደርስም፤ ያኔ ጎሚኒ ብቻ። አንድ ስጋት ልጨምር። ርካሽ ሙሉ ብራቾ ላይ የሚመጣው ጎሚኒ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። የድሮው ፋብሪካ ብራቾ ካልታጠፈና ካልዛገ፣ በጥሩ ጎሚኒ ከተሞላ ከርካሽ አዲስ ብራቾ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ሰልባጅ ብራቾስ? ብረቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ላስቲኩ ግን የእናንተው እኩያ ነው። ከገዛችሁ ጎሚኒውን መቀየራችሁ አይቀርም።

አራተኛው ሁሉንም ለጋራዥ መስጠት ነው። ጊዜ ለሌለው፣ ሜዳ ግቢ ለሌለው፣ ቡሎኑ በዝገት ለተጣበቀበት ሰው ጥሩ ነው። በአንዳንድ መኪና ደግሞ አንዱ የብራቾ ቡሎን ሲወጣ ከካምቢዮው ጋር ይጋጫል፤ ሞተሩን ደግፎ ሻንሲውን ዝቅ ማድረግ ይመጣል። እዚህ ላይ ከደረሳችሁ ገና ሳትፈቱ ለጋራዥ ስጡት። ጋራዥ ብትሰጡም አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ቡሎኑን የምታጠብቁት መኪናው በእግሩ ቆሞ ነው?» መልሱ ብዙ ይነግራችኋል።

የትኛው ላስቲክ?

ኦሪጅናል ላስቲክ ካገኛችሁ ውሰዱ። ለስላሳ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ለኮብልስቶን እሱን የሚያህል የለም። ደሴ ካጣችሁት ከአዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ በመኪና ይላካል። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በማግስቱ ይደርሳል። አሮጌውን ይዛችሁ ሄዳችሁ፣ ወይም ፎቶውንና ልኩን ልካችሁ ግዙ። የውጪውን ስፋትና የመሃሉን ብረት ርዝመት ለኩ። ሚሊ ሜትር ይለያያል፣ ሚሊ ሜትር ደግሞ ያበላሻል።

ተመሳስሎ የተሠራው ሁሉ መጥፎ አይደለም። በእጃችሁ ያዙትና ላስቲኩ ከብረቱ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ እዩ። ዙሪያውን ሳይቋረጥ የተጣበቀ መሆን አለበት። በጥፍር ስትገፉት የሚላቀቅ ከሆነ መልሱት። መደርደሪያ ላይ ዓመታት የቆየ ላስቲክም ይደርቃል፤ አጠፍ ስታደርጉት የሚሰነጣጠቅ ከሆነ አትግዙት።

ፖሊዩሬቴን የሚባለው ቀይ ወይም ቢጫ ጠንካራ ጎሚኒም አለ። ዘይት አይፈራም፣ ረጅም ዕድሜ አለው፣ መሪውን ቆፍጠን ያደርጋል። ግን እያንዳንዱን ድንጋይ ወደ ወንበራችሁ ያመጣል። የራሱ የሲሊኮን ቅባት ካላገኘ ይንጫጫል። ለከተማችን ድንጋይ ንጣፍ አልመርጠውም። ብዙ ጊዜ አስፋልት ላይ የሚሮጥ ሰው ሊወደው ይችላል።

ቶርኖ ቤት በቴፍሎን አስቀርጸው የሚያስገቡም አሉ። ዕቃው ጠፍቶ የተቸገረ ሰው ያደርገዋል፣ ይገባኛል። ነገር ግን ቴፍሎን አይጠመዘዝም፣ ንዝረት አይውጥም። ድንጋጤው በቀጥታ ወደ ቡሎኑና ወደ ሻንሲው ይሄዳል። ለመንገድ ማለፊያ እንጂ ለዓመት አይሆንም።

ሥራው ላይ፦ ሁለት ነገር ብቻ

ብራቾ አፈታት በየመኪናው ስለሚለይ እሱን መመሪያው ላይ እዩ። ሁለት ነገር ግን ለሁሉም አንድ ነው።

የመጀመሪያው ሜዳ ነው። ደሴ ላይ ሜዳ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። የኔ ግቢ ጦሳ ተራራን ተደግፎ የተንጋለለ ነው፤ ሥራውን የሠራሁት የጎረቤቴ የተለሰነ ግቢ ውስጥ ነው። ተዳፋት ላይ ክሪክ አታቁሙ። ጎማ ሳትፈቱ የኋላ እግሮችን በድንጋይ ወይም በግንድ ቆልፉ። ከዚያ መኪናውን በብረት መደገፊያ ላይ አሳርፉ። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መደገፊያ አይደለም። ብሎኬት ደግሞ ፈጽሞ! ባዶ ሆድ ያለው ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ በአንድ ጊዜ ነው የሚፈርሰው። የፈታችሁትን ጎማ ከነቸርኬው መኪናው ሥር አስተኙት፤ ሌላው ሁሉ ቢከዳ እሱ ይቀበላል።

ሁለተኛው ቡሎን ማጥበቅ ነው። ላስቲኩ ይጠመዘዛል ብዬ ነበር። አሁን አስቡት። መኪናው ተነስቶ እግሩ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። በዚህ ሁኔታ ቡሎኑን ካጠበቃችሁት ላስቲኩ «ቦታዬ እዚህ ነው» ብሎ ይያዛል። መኪናው ሲወርድ ቆሞ እያለ እንኳ ተጠምዝዞ ነው የሚኖረው። ከዚያ ጉድጓድ ሲመታ ይቀደዳል። እኔ የመጀመሪያውን ጎን ያጠበቅሁት መኪናዋ ተሰቅላ ነበር። አዲሱ ጎሚኒ ክረምቱን አልተሻገረም። ጥሩ ጎሚኒ ነበር፤ የገደልኩት እኔ ነኝ።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። መኪናውን ከማንሳታችሁ በፊት ከጎማው መሃል እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ ያለውን ርቀት በሲባጎ ለኩና ሲባጎውን ቋጥሩት። ብራቾውን ስትመልሱ ቡሎኖቹን በእጅ ብቻ ያዝ አድርጉ። መኪናው መደገፊያው ላይ እንዳለ፣ ክሪኩን ከቴስቲናው አጠገብ ከሥር አግቡና እግሩን ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ግፉት፤ የሲባጎው ቋጠሮ ጭቃ መከላከያው ጋ እስኪደርስ። ዓይናችሁ መደገፊያው ላይ ይሁን፤ መኪናው ከእሱ መነሳት ከጀመረ አቁሙ። በዚያ ቁመት ላይ ቡሎኖቹን አጥብቁ። ጉድጓድ ያለው ቤት ካገኛችሁ ደግሞ ይበልጥ ቀላል ነው፤ መኪናው በአራት እግሩ ቆሞ ከሥር ታጠብቃላችሁ። ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ተዋሱ፣ ልኩንም ከመኪናው መመሪያ አውጡ። ፖሊዩሬቴን ካስገባችሁ መሃሉ ስለሚሽከረከር በዚህ ያን ያህል አትጨነቁም፤ አንዱ ጥቅሙ ይኼ ነው።

ሁለቱም ጎን ይቀየር። አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ መጎተቱ አይቀርም፣ ጎኑን ይቀይራል እንጂ። ከዚያ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ) አስለኩ። ብራቾ ተፈትቶ አላይመንት ካልታየ ጎማው በውስጥ በኩል ይበላል፣ ያተረፋችሁት ገንዘብ ጎማ መግዣ ይሆናል።

የመጀመሪያ ሙከራችሁ ሐረጎ አይሁን። ሜዳ ላይ፣ በቀስታ፣ ሁለት ሦስቴ ፍሬን ይዛችሁ ሞክሩ። ተመልሳችሁ ቡሎኖቹን በቁልፍ ንኩ። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ እንደገና ንኩ። እኔ ሁለቱን ጎን በፕሬስ አስተካክዬ፣ በሲባጎ ለክቼ ካጠበቅሁ በኋላ በሳምንቱ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሐረጎ ላይ ፍሬን ስይዝ መሪውን ቀለል አድርጌ ያዝኩት። ቀጥ ብላ ወረደች።